ስለ አቆስጣ ስብና ስለማይበሰብሰው መርዝ

ተነጋጋሪዎቹ ሦስት ናቸው፤ በአንድ ደብር የመጻሕፍት ትርጓሜ የሚያስተምሩ ሽማግሌ የኔታ፤ በልጅነቷ ከእርሳቸው ዘንድ ዳዊት ደግማ ኋላ በስዊድን አገር የእንስሳት ሕክምና የተማረችው ሰሎሜ፤ በጎልማሳነታቸው የወባ ማጥፊያ ድርጅት ረጪ የነበሩት አቶ በቀለ። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የኔታ፦ አቆስጣ የሚባለውን እንስሳ እኔ የማውቀው በኦሪት ዘጸአት ቁርበቱ ለድንኳኑ መሸፈኛ እንዲሆን መታዘዙን ሳነብ ብቻ ነው፤ መልኩን አላየሁም፣ ግብሩንም አልመረመርሁም። አንቺ ግን፣ ልጄ፣ በሰሜን ባሕር ዳር ተቀምጠሽ ሬሳውን ከፍተሽ ያየሽ ነሽና፣ ከሰው ርቆ በበረዶ ላይ የሚኖረው ይህ ፍጥረት የሰው እጅ በሠራው መርዝ በምን ምክንያት እንደ ተመረዘ፣ ነገሩን ከሥሩ ጀምረሽ ብታስረጅን እንወዳለን።

ሰሎሜ፦ የኔታ፣ እንስሳው በባሕር ቢኖርም ዓሣ አይደለም፤ ሳንባ ያለው፣ ደሙ የሞቀ፣ የሚወልድና የሚያጠባ ነው። የባሕር አንበሳ የሚሉትም፣ ጆሮው ከውጭ የሚታየውና በፊት እግሮቹ ተደግፎ በዓለት ላይ የሚሄደው፣ የቅርብ ዘመዱ ነው። ሁለቱም ዓሣ ይበላሉ፣ ሁለቱም ብዙ ዘመን ይኖራሉ፤ ከቆዳቸው በታች ያለውም ወፍራም ስብ በብርድ ጊዜ ካባቸው፣ በረኃብ ጊዜ ጎተራቸው ነው። የደረሰባቸውን ለመረዳት ግን አስቀድሞ ወሊዳቸውን ማወቅ ያስፈልጋል። በባልቲክ ባሕር ያለችው ግራጫ አቆስጣ በክረምቱ መጨረሻ በበረዶ ላይ ከወለደች በኋላ፣ ሁለት ሳምንት ተኩል ያህል ዓሣ ፍለጋ ሳትወርድ፣ የራሷን ስብ ወደ ወተት እየለወጠች ታጠባለች፤ ወተቷም ከግማሽ በላይ ንጹሕ ስብ ስለሆነ፣ ሲወለድ 15 ኪሎ የማይሞላው ግልገል ጡት በሚጥልበት ቀን ከ40 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ እርሷ ግን ከክብደቷ ሢሶውን አጥታ፣ አጥንቷ ተቆጥሮ ወደ ባሕር ትመለሳለች።

የኔታ፦ ራሷ ጾማ ልጇን የምታጠግብ እናት! ይህ እንኳ ለብቻው ስብከት በሆነ ነበር። በኦሪት ሕግ ከመሥዋዕቱ ለካህኑም ለአቅራቢውም ድርሻ ሲሰጥ፣ ስቡ ግን ለማንም ሳይሰጥ ተለይቶ በመሠዊያው ላይ ይጤስ ነበር፤ ለደቀ መዛሙርቴም ይህ የሆነው ስብ የሕይወት መዝገብ ስለሆነ ነው እያልሁ አስተምራለሁ። ታዲያ ወደዚያ መዝገብ መርዝ በምን በር ገባ?

ሰሎሜ፦ በምግብ በር ነው። የኬሚስትሪ ሊቃውንት ክሎሪን የተባለውን ጋዝ ከካርቦን ጋር እያጣመሩ ቀድሞ በሥነ ፍጥረት ያልታዩ ብዙ ቅንብሮችን አወጡ፤ ከእነዚህም ሁለቱ ለነገራችን ዋነኞች ናቸው። አንደኛው ተባይ የሚገድለው ዲዲቲ ነው፤ ሁለተኛው ፒሲቢ የሚባለውና በ1929 ለገበያ ቀርቦ በኤሌክትሪክ ትራንስፎርመር፣ በቀለም፣ በሕንፃ መጋጠሚያ ማሸጊያ፣ በግልባጭ ወረቀት ሳይቀር የገባው ነው። ሁለቱም በውሃ አይሟሙም፣ በስብ ግን ይሟማሉ፤ ፀሐይም፣ በአፈር ያሉ ረቂቃን ተህዋስያንም፣ የእንስሳ ጉበትም በቀላሉ ሊፈታቸው አይችልም። በባሕሩ ውሃ ያለው መጠን በመሣሪያ እንኳ ለመለካት እስኪያዳግት ድረስ ጥቂት ነው፤ ነገር ግን በውሃው የሚንሳፈፉት ደቂቅ ፍጥረታት ያንን ይሰበስባሉ፣ ሄሪንግ የተባለው ትንሽ ዓሣ እነርሱን ዕድሜውን ሙሉ ይለቅማል፣ አቆስጣው ደግሞ ሄሪንጉን በየቀኑ በኪሎ እየቆጠረ ይበላል። የበላውን ሥጋ አቃጥሎ ኃይል ያደርገዋል፤ መርዙን ግን የሚያቃጥልበት እሳት ስለሌለው በስቡ ያስቀምጠዋል። በዚህ ዓይነት ከደረጃ ወደ ደረጃ እየተባዛ፣ በአቆስጣው ስብ የሚገኘው ልክ በውሃው ካለው በሚሊዮን እጅ የሚበልጥበት ጊዜ አለ። ወንዱ እስኪሞት ድረስ ያከማቻል፤ ሴቲቱ ግን ባጠባች ቁጥር ከላይዋ ይቃለልላታል፤ የሚቃለልላትም ወደ ልጇ በማለፍ ነው። ከልጆቿም የመጀመሪያው፣ ከተወለደችበት ቀን ጀምሮ ያጠራቀመችውን የሚቀበለው እርሱ ስለሆነ፣ ከታናናሾቹ ይልቅ ብዙ መርዝ ይጠጣል።

የኔታ፦ በኵሩ በረከት ሊወርስ ሲገባው መርገም ወረሰ ማለት ነው። እኛ ፍጥረት ሁሉ ፈራሽ በስባሽ ነው ብለን ስናስተምር ሰሚው ያዝናል፤ አሁን እንደምሰማው ግን መበስበስም ከቸርነቱ ወገን ኖሯል። የትናንቱ ቅጠል ዛሬ አፈር ባይሆን ኖሮ ምድር በቅጠል ታፍና በጠፋች ነበር። እናንተ ደግሞ ብልሃት ጨመርን ብላችሁ መበስበስን የማያውቅ ነገር ፈጠራችሁ።

አቶ በቀለ፦ ይቅርታ ያድርጉልኝ የኔታ፤ ስለ ፒሲቢ የማውቀው የለምና ልስማ፤ ስለ ዲዲቲ ግን የምናገረው አለኝ። በ1958 ወባ ከቆላ ወጥታ ወደ ደምቢያና ወደ ሌሎችም ከፍ ያሉ አገሮች በገባች ጊዜ፣ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ታመመ፣ 150000 ያህልም እንደ ሞተ ተገምቷል። በማግሥቱ ዓመት የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ፤ እኔም ጥቂት ዓመት ዘግይቼ ገብቼ፣ ፓምፑን በትከሻዬ አንጠልጥዬ ከጎጆ ወደ ጎጆ ስዞር ጎልማሳነቴን የፈጀሁ ሰው ነኝ። እናቶች እየመረቁ ጠላ ያጠጡን ነበር፤ ትኋኑ ሳይቀር አብሮ ሲረግፍ አይተውም መቼ ትመለሳላችሁ ይሉን ነበር። ዛሬ፣ ዓይኔ አይቶት ለማያውቅ የባሕር አውሬ ሲባል፣ ያ መድኃኒት መርዝ ብቻ ተብሎ ሲጠራ ልቤ አይቀበለውም።

ሰሎሜ፦ ጋሼ በቀለ፣ ቅሬታዎ ከንቱ አይደለም። ፓውል ሙለር የተባለው የስዊስ ሊቅ የዲዲቲን ተባይ ገዳይነት በ1939 አግኝቶ በ1948 የኖቤል ሽልማት የተቀበለው በሐሰት አልነበረም። የባሕር አንበሳን የጎዳውም በጎጆ ግድግዳ ላይ ያረፈው አይደለም። ከሎስ አንጀለስ አጠገብ ቶራንስ በምትባል ስፍራ ሞንትሮዝ የተባለ ኩባንያ ከ1947 እስከ 1982 ዲዲቲ ይሠራ ነበር፤ በአሜሪካ ከነበሩት አምራቾች ሁሉ ትልቁ እርሱ ነበር። የፋብሪካው እጣቢ በከተማው የፍሳሽ ቦይ አልፎ ፓሎስ ቨርዴስ በሚባለው ዳርቻ ወደ ፓሲፊክ ውቅያኖስ ይወርድ ነበር፤ እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ በዚህ መንገድ ብቻ ባሕር የገባው ዲዲቲ 1700 ቶን ያህል ይሆናል ተብሎ ተገምቷል። ከዚህም ሌላ በጀልባ እየተጫነ ከወደብ ርቆ የተደፋ አተላ አለ።

አቶ በቀለ፦ እስቲ ይቆዩ። እኛ በአንድ ካሬ ሜትር ግድግዳ ላይ ሁለት ግራም እንድናሳርፍ ነበር የታዘዝነው፤ ከዚያ አሳልፎ ያባከነ ረጪ በአለቃው ይገሠጽ ነበር። በዚህ ልክ ሲሰላ 1700 ቶን 850 ሚሊዮን ካሬ ሜትር ግድግዳ ይሸፍናል፤ ለአንድ ጎጆ መቶ ካሬ ሜትር ብንመድብ ስምንት ሚሊዮን ተኩል ጎጆ ማለት ነው። ይህን ያህል መድኃኒት እንደ እጣቢ ወደ ባሕር ከደፉ በኋላ ነውን በእኛ በጎጆ ረጪዎች ላይ የሚፈረደው?

ሰሎሜ፦ ፍርዱ በእናንተ ላይ አይደለም፤ ነገሩን እስክጨርስ ይታገሡኝ። ከዚያ ዳርቻ በስተ ሰሜን ምዕራብ ሳን ሚጌል የምትባል ደሴት አለች፤ የባሕር አንበሶች በሺህ እየሆኑ የሚወልዱባት ናት። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ እናቶቹ ወራቸው ሳይደርስ መጣል አበዙ፤ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱት ግልገሎችም በአሸዋው ላይ ሲያጣጥሩ ቆይተው ይሞቱ ነበር። በ1973 የታተመው ምርመራ እንዳሳየው፣ ያለ ጊዜያቸው በወለዱት እናቶችና በግልገሎቻቸው አካል የተገኘው ዲዲቲና ፒሲቢ፣ ቀናቸውን ጠብቀው በወለዱት ከተገኘው ከሁለት እስከ ስምንት እጅ ይበልጥ ነበር። ከዚህም በኋላ ሌላ ደዌ ታየ፤ በካሊፎርኒያ ዳርቻ ታመው ከሚወድቁትና ከሚሞቱት ጎልማሳ የባሕር አንበሶች ከአምስቱ በአንዱ ያህል የመራቢያ አካል ነቀርሳ ይገኛል፤ ነቀርሳ ይህን ያህል የበዛበት የዱር አውሬ በዓለም እምብዛም አልታወቀም። የደዌው ሥር የሄርፐስ ወገን የሆነ ቫይረስ ነው፤ ነገር ግን ነቀርሳ የያዛቸው እንስሳት በስባቸው የተሸከሙት ፒሲቢ ካልያዛቸው እጅግ የበዛ ሆኖ ተገኝቷል።

የኔታ፦ እንግዲህ እዚህ ላይ እቃወምሻለሁ። መርዝም አለ፣ ቫይረስም አለ ብለሻል፤ ሁለት ተከሳሾች በአንድ ሬሳ ላይ ቆመው ሳለ ገዳዩ ይህ ነው ብሎ የሚፈርድ ዳኛ ምስክር ሊያቀርብ ይገባዋል። መርዝ በዝቶ መገኘቱ የመርዙን መኖር እንጂ የመርዙን ጥፋት አያስረዳም።

ሰሎሜ፦ በሳን ሚጌል ነገር ሊቃውንቱም እንደ እርስዎ ነው የተናገሩት፤ እዚያው የሚያስጨነግፉ ተላላፊ በሽታዎች ስለ ተገኙ፣ ሸክሙን በዲዲቲ ላይ ብቻ ለመጣል አልደፈሩም። የጠየቁት ምስክር የተገኘው በአውሮፓ ነው።

ባልቲክ ዘጠኝ አገሮች የከበቡት፣ ከውቅያኖስ ጋር በጠባብ በር ብቻ የሚገናኝ፣ ውሃው ታጥቦ እስኪታደስ ሠላሳ ዓመት ያህል የሚፈጅ ቀዝቃዛ ባሕር ነው። ሶረን የንሰን የተባለ የስቶክሆልም ኬሚስት ከ1964 ጀምሮ በዓሣና በወፍ አካል ዲዲቲ ሲፈልግ፣ መሣሪያው ምንነታቸው ያልታወቀ ሌሎች ምልክቶችን ያወጣበት ጀመር። ነገሩ ዲዲቲ ወይም ከዲዲቲ የተወለደ አለመሆኑን ያስረዳው፣ ዲዲቲ በስዊድን ገና ሥራ ላይ ሳይውል ከሞተ ንስር ተነቅሎ በቤተ መዘክር የተቀመጠ ላባ ነው፤ በላባው ያው ምልክት ተገኝቷልና። ሁለት ዓመት ደክሞ በ1966 ፒሲቢ መሆኑን ለዓለም ገለጠ። በዚያን ጊዜ ከራሱ፣ ከሚስቱና ከሕፃን ልጁ ፀጉር ወስዶ ቢመረምር በሦስቱም አገኘው። ሕፃኗ ገና ዓሣ አልቀመሰችም፤ ከእናቷ ጡት በቀር ከየት ልታገኘው ትችላለች?

የኔታ፦ ይህ ሰው ጥሩ መርማሪ ነው፤ ከቤቱ ጀምሯል። ስለ አቆስጦቹስ?

ሰሎሜ፦ በሃያኛው መቶ ዓመት መግቢያ በባልቲክ 100000 ያህል ግራጫ አቆስጣ ይኖር እንደ ነበረ ይገመታል። አስቀድሞ የፈጃቸው አዳኝ ነው፤ ዓሣችንን ጨረሱ ተብሎ ለገደለ ሁሉ ከመንግሥት ሽልማት ይከፈለው ነበር። ኋላ ግን አደኑ ሲቀንስ መንጋው ይበዛል ተብሎ ሲጠበቅ አልበዛም፤ በ1970ዎቹ 4000 ያህል ብቻ ቀርተው ነበር። የፊንላንድና የስዊድን መርማሪዎች በባሕሩ ሰሜናዊ ጫፍ የተገደሉትን፣ በቁርበታቸው ላይ ቀለበት መሰል ምልክት ያላቸውን ሴት አቆስጦች ማኅፀን ከፍተው ቢያዩ፣ ለመውለድ ከደረሱት ከመቶ 40 ያህሉ የማኅፀናቸው ቧንቧ ተጣብቆ ተዘግቷል፤ ፅንሱ በውስጥ ሞቶ ከቀረ በኋላ በር የለውምና ዳግመኛ መፅነስ አይቻላቸውም። መካኖቹ በስባቸው ከተሸከሙት ፒሲቢ ይልቅ ያረገዙት የተሸከሙት ያነሰ ነበር። ሌሎች ደግሞ የራስ ቅላቸው አጥንት ሳስቶ፣ ጥፍራቸው ተጣምሞ፣ አንጀታቸው ቆስሎ፣ ከኩላሊት በላይ ያለው ዕጢ አብጦ ተገኝተዋል።

ይህም ቢሆን፣ የኔታ እንዳሉት፣ በዝቶ መገኘቱን እንጂ ጥፋቱን አያስረዳም። ስለዚህ ፔተር ሬይንደርስ የተባለ የሆላንድ ሊቅ በቴክሰል ደሴት 24 ሴት አቆስጦችን ከሁለት ከፍሎ፣ ለአሥራ ሁለቱ ከተበከለው ከዋደን ባሕር የተያዘ ዓሣ፣ ለአሥራ ሁለቱ ከሰፊው አትላንቲክ የተያዘ ዓሣ እየሰጠ አኖራቸው። አኗኗራቸው አንድ ነበር፤ ልዩነቱ የዓሣው ምንጭ ብቻ ነበር። ውጤቱ በ1986 ታተመ፤ ከአትላንቲክ ዓሣ ከበሉት አሥሩ ፀነሱ፣ ከዋደን ዓሣ ከበሉት ግን አራት ብቻ።

የኔታ፦ ይህስ ዳንኤል በባቢሎን ለአሳላፊው ያቀረበው ፈተና ነው! እኛን ጥራጥሬ አብላን፣ እነዚያን ከንጉሥ ማዕድ አብላቸው፣ ከዚያ ፊታችንን ከፊታቸው አስተያይ አለው እንጂ፣ በቃሌ ብቻ እመነኝ አላለውም። አሁን ምስክርሽን ተቀብያለሁ። ነገር ግን ከዋደን ዓሣ የበሉትም አራቱ ፀንሰዋልና፣ መርዙ የሚያጎድል እንጂ ፈጽሞ የሚያጠፋ አይደለም ልበልን?

ሰሎሜ፦ ይበሉ፤ ትክክል ነው። የዚህ መርዝ ጠባዩ እንደ እባብ በአንድ ቀን መግደል ሳይሆን፣ ኃይልን ቀስ እያለ መንጠቅ ነው። በ1988 በሰሜን ባሕር ዳርቻዎች ከውሻ ደዌ ጋር የሚዛመድ ቫይረስ ገብቶ 18000 ያህል አቆስጣ በጥቂት ወራት ውስጥ አለቀ። የገደላቸው ቫይረሱ ነው። ሆኖም በሆላንድ ሌሎች ሊቃውንት ያንኑ ዓይነት ፈተና ደግመው፣ ለአንዱ ወገን የባልቲክ ሄሪንግ፣ ለሌላው የአትላንቲክ ሄሪንግ ከሁለት ዓመት በላይ ቢያበሉ፣ የባልቲኩን የበሉት በደማቸው ያሉት የበሽታ ተከላካይ ሕዋሳት ደክመው ተገኙ። ያ የባልቲክ ሄሪንግ በልዩ ሁኔታ የተመረዘ አልነበረም፤ ለሰው ምግብ ሊሸጥ የተያዘ ዓሣ ነበር።

አቶ በቀለ፦ ለሰው? እንግዲያው ስለ አውሬ ስንነጋገር የቆየነው ስለ ሰው ኖሯል።

ሰሎሜ፦ የስዊድን መንግሥት እስከ ዛሬ ድረስ ሕፃናትና ገና የሚወልዱ ሴቶች የባልቲክን ሄሪንግ በዓመት ከሁለት ወይም ከሦስት ጊዜ በላይ እንዳይበሉ ይመክራል። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን በሰሜን ዋልታ ዙሪያ የሚኖሩት ኢኑይት የተባሉት ሕዝቦች ነገር ነው። ፋብሪካ የላቸውም፣ እርሻ የላቸውም፤ ነገር ግን መርዙ በሞቃት አገር ተኖ በነፋስ እየተሰደደ በብርድ አገር ይወርዳልና፣ የአቆስጣና የዓሣ ነባሪ ስብ የሚበሉት እነርሱ ባላመረቱት መርዝ ይመረዛሉ። በ1980ዎቹ መጨረሻ በሰሜን ኬቤክ የኢኑይት እናቶች ወተት ሲመረመር፣ የተገኘው ፒሲቢ በደቡብ ኬቤክ ከሚኖሩት እናቶች ወተት አምስት እጅ ያህል ሆነ። መርማሪው ኤሪክ ዴዋዪ ወደዚያ የሄደው ንጹሕ ወተት ለማወዳደሪያ ፈልጎ ነበር።

የኔታ፦ የዋልታዋ እናት አቆስጣዋ ያወረሰቻትን ለልጇ ታወርሳለች። ታዲያ በቀለ ሆይ፣ አሁን ደግሞ ልትጠየቅ ነው፤ የደምቢያን ልጅ ከወባ ለማዳን የተረጨው፣ ነፋስ ወስዶት የኢኑይትን ልጅ ከጎዳ፣ ከሁለቱ እናቶች ለማንኛዋ ትፈርዳለህ?

አቶ በቀለ፦ የኔታ፣ ይህን ጥያቄ ለእኔ ለደካማው ባይሰጡኝ እወድ ነበር። ግን ካሉኝ ዘንድ፣ ፍርዱ ከሁለቱ እናቶች በአንዷ ላይ ሊወድቅ አይገባም እላለሁ። ሁለቱም ባላመረቱት ነገር ተከሰው ለምን ይቆማሉ?

ሰሎሜ፦ ጋሼ በቀለ፣ ይህንኑ የተናገረች ሴት አለች፤ የተናገረችውም ከኢኑይት ወገን ሆና፣ እዚሁ ጎረቤታችን ናይሮቢ ላይ ነው። በ1999 መንግሥታት እነዚህን መርዞች በስምምነት ለመከልከል በዚያ በተሰበሰቡ ጊዜ፣ ወባ ያስቸገራቸው አገሮች ዲዲቲን አትንጠቁን ይሉ ነበር፤ ከተፈጥሮ ተቆርቋሪዎችም ፈጽሞ ይጥፋ የሚሉ ነበሩ። የኢኑይት መልእክተኛ ሺላ ዋት ክሉቲየ ግን የወገኖቿ እጅ የቀረጸውን የእናትና የልጅ ምስል በስጦታ አቅርባ፣ የአፍሪካ እናት ልጇን ከወባ የምታድንበትን በሚነጥቅ ውል ወገኖቼ ተካፋዮች አይሆኑም በማለት አሳቧን ገለጸች። በ2001 በስቶክሆልም የተፈረመው ውልም በዚሁ መንፈስ ተጻፈ፤ በመጀመሪያ ከተያዙት አሥራ ሁለት ቅንብሮች ዲዲቲ በሽታ አስተላላፊ ተባይን ለመከላከል ብቻ ተፈቀደ፣ ፒሲቢ ግን እንዳይመረት ተከለከለ። አገራችንም አጽድቃዋለች። በእኛ ዘንድ ዲዲቲ የቀረው እንኳ ስለ ባሕር እንስሳ ታዝኖ አይደለም፤ ትንኟ ስለ ለመደችው በሌላ መድኃኒት ተተካ።

አቶ በቀለ፦ ትንኟ የለመደችው ከእኛ ፓምፕ አይደለም። ከመጋዘን እየሾለከ ለጎተራና ለማሳ ሲውል አይተናል፤ ያን ጊዜ ነው ጠባዩ የተበላሸው።

ሰሎሜ፦ ያም አለበት፤ ግን ፓምፑንም ንጹሕ ነው አልልም። በጅማ አካባቢ የእናቶችና የላም ወተት ተመርምሮ ዲዲቲ ተገኝቶበታል፤ በቤት ውስጥ የሚረጨው ራሱ ከምንጮቹ አንዱ ነው። በሐዋሳ ሐይቅ ዓሣም እንዲሁ ተገኝቷል። ብዙ ሕይወት ያዳነ ነገር ዋጋ የለውም ማለት አንችልም፤ ዋጋውን ማን እንደ ከፈለ ማወቅ ግን ይገባል።

የኔታ፦ እኔ እንደሚመስለኝ፣ ለሁለቱ መርዞች አንድ ፍርድ መስጠት ስሕተት ነው። ዲዲቲ መጀመሪያ በተረጨ ጊዜ ሞት ከደጅ ቆሞ ነበርና፣ እስኪመረመር እንቆይ ያለ ሰው ቢኖር ነፍሰ ገዳይ በተባለ ነበር። ለቀለምና ለግልባጭ ወረቀት የሚሆን ዘይት ግን ምን ያስቸኩላል? ምርመራው ከምርቱ ሊቀድም ሲገባው፣ ሠሪው እየሸጠ አቆስጣዋ በማኅፀኗ እንድትመሰክር ተደረገ።

ሰሎሜ፦ ሠሪዎቹ ምልክት አላጡም ነበር፤ በ1930ዎቹ እንዲህ ያሉ ክሎሪን ያለባቸውን ቅንብሮች በሚሠሩ ፋብሪካዎች ሠራተኞች ቆዳና ጉበት ላይ ጉዳቱ ታይቶ ነበር። ማምረቱ ግን አርባ ዓመት ያህል ቀጠለ።

አቶ በቀለ፦ ከተከለከለስ ወዲህ አቆስጦቹ ምን ሆኑ?

ሰሎሜ፦ ዳኑ ማለት ይቻላል፤ ሁሉም ባይሆኑ። ስዊድን ዲዲቲንም ፒሲቢንም በ1970ዎቹ መጀመሪያ ገደበች፤ በስባቸው ያለው መጠን ከዓመት ወደ ዓመት እየቀነሰ፣ የሴቶቹ ማኅፀን መዘጋት በወጣቶቹ ላይ እየጠፋ ሄደ። ዛሬ በባልቲክ ከ40000 በላይ ግራጫ አቆስጣ ይቆጠራል፤ ዓሣ አጥማጆቹም መረባችንን ቀደዱ፣ ዓሣችንን ጨረሱ ብለው እንደ አያቶቻቸው መማረር ጀምረዋል፤ አደኑም በልክ ተፈቅዷል። ከባለ ቀለበቶቹ ግን በፊንላንድ ባሕረ ሰላጤ ያሉት እጅግ ጥቂት ብቻ ቀርተዋል፤ የሚወልዱበትም በረዶ ሳስቷል። በአሁኑ ዘመን ደግሞ በማይጣበቅ መጥበሻና በእሳት ማጥፊያ አረፋ የሚገቡት ባለ ፍሎሪን ቅንብሮች በአቆስጣ ጉበት መገኘት ጀምረዋል፤ እነዚህ እንኳ ስብን ትተው ደምና ጉበትን ይመርጣሉ። የምርመራው ሥራ እንደገና ከመጀመሪያው ተጀምሯል ማለት ነው።

የኔታ፦ ከእኛ አገርስ ወደዚያ ባሕር የሄደ ነገር አለ?

ሰሎሜ፦ ወደ ባሕሩ ሳይሆን ወደ ባሕሩ ዳር የሄደ አለ። በአገራችን በየክፍላተ ሀገሩ ከመጋዘን ወደ መጋዘን ሲንከባለል ዘመኑ ያለፈበት የተባይ መድኃኒት፣ ከፊሉ በርሜሉ ዝጎ መሬት ለመሬት ሲፈስ ተገኝቶ ነበር። ከ2000 ጀምሮ በነበሩት ጥቂት ዓመታት 1500 ቶን ያህሉ እንደገና ታሽጎ፣ በመርከብ ተጭኖ ወደ ፊንላንድ ተላከና፣ ለዚሁ በተሠራ ምድጃ ከሺህ ዲግሪ በላይ በሆነ ትኩሳት ተቃጠለ። ያን የመሰለ ምድጃ በአገራችን አልነበረም። 

አቶ በቀለ፦ የፒሲቢውስ ዘይት?

ሰሎሜ፦ እርሱ ገና ነው። በውሉ መሠረት ፒሲቢ ያለባቸው ትራንስፎርመሮች እስከ 2025 ከሥራ መውጣት ነበረባቸው፣ ዘይቱና ዕቃውም እስከ 2028 ጉዳት በማያደርስበት መንገድ መወገድ አለበት፤ የመጀመሪያው ቀን ደርሷል፣ የሁለተኛውም ሩቅ አይደለም። ስለዚህ ይህን የሚሰማ ሁሉ፣ በግቢው ወይም በመሥሪያ ቤቱ ጥግ ከ1980ዎቹ በፊት የተሠራ አሮጌ ትራንስፎርመር ወይም ምንነቱ ያልታወቀ በርሜል ቢያገኝ፣ ዘይቱን ለማንኛውም ጥቅም እንዳያውለው፣ ወደ ቦይም እንዳይደፋው፣ ቆርቆሮውን ለመሸጥ ብሎ እንዳይበሳው፤ እንዳለ ትቶ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ያስታውቅ።